እንሰት በሚፋቅበት ጓሮ

ዛሬ ሶዶ ገበያ መሃል የቆጮ ሽታ ሲያገኘኝ መንገዴን ትቼ ቆምኩ። እጆቼ የሚሠሩት ነገር ፈለጉ።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። እኛ የወንጌል አማኞች ተሰብስበን እንዳንጸልይ ተከልክሎ፣ አጎቴም በዚሁ ታስሮ ነበር። ሚስቱ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የጎረቤት ሴቶችን ለጸሎት እንሰት በሚፋቅበት ጓሮ መሰብሰብ ጀመረች። በእኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ መጠጋቱ ነውር ነው።

«ዓይን አንጨፍንም፤ እጅም አናሳርፍም» ትለን ነበር። «እየፋቅን ለጌታ እንነግረዋለን።»

መፋቂያው ጣውላው ላይ ሲመላለስ፣ ጭማቂው እግራችን ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጸሎቱ ከሥራው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። እኔ ግን ዓይኔ ከአጥሩ አይነሳም ነበር።

አንድ ጠዋት የጣልያኖቹ አስተርጓሚ አጥሩ ጥግ መጥቶ ቆመ። ነውሩን ፈርቶ አልገባም፤ እኔን ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ይጸለያል?»

«ማንም አይጸልይም» አልኩት። ቀጥዬም፣ ሳልጠየቅ፣ «እኛ እግዜርን አናውቀውም» አልኩ።

ሰውዬው ሄደ። አክስቴ መፋቋን ሳታቆም፣ «የመጀመሪያውስ ለሰውዬው ነው፤ ሁለተኛውን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። «እሱን ለጌታ አንቺው ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።»

ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለታመመው ሁሉ እነግረዋለሁ። እዚያች ሳልጠየቅ ያልኳት ነገር ጋ ስደርስ ግን ተነስቼ ቤት እጠርጋለሁ።

«እማማ፣ ይወስዳሉ?» አለችኝ ቆጮ ሻጯ። ቁልቁል ሳይ፣ ጣቶቼ ከፊቴ ያለውን ቆጮዋን ቆንጥረው ቆንጥረው ፈርፍረውታል።