ደቦዬን የበተነብኝ መምህር

ንፋስ መውጫ ላይ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ከእኔ ቀድሞ ያስተማረ የለም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ መምህር አላውቅም፤ እንግሊዝኛውን ከሬዲዮ መጠገኛ መጻሕፍት፣ ሒሳቡን በገዛ ጭንቅላቴ ነው የተማርኩት። ክረምት በመጣ ቁጥር ለእረፍት የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱቄ በረንዳ ላይ ተሰብስበው ይማሩ ነበር።

ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የጎረቤቴ ልጅ ለፍልሰታ መጣና ከትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ለምኖ ስለዚያው ነገር ማስተማር ጀመረ። ዘጠኝ ተማሪዎቼ በሦስት ቀን ሁለት ሆኑ። እነሱም የሚቆዩት ዝናቡ እስኪያባራ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ሲሳሳት ልይዘው።

"ጋሼ፣ ከፊት ይምጡ እንጂ" አለኝ።

"ከዚህም ይሰማኛል።"

ከእኔ የኮበለለች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ጋሼ እንደ ደቦ ነው ብለውናል። ሃያ ጥማድ በሬ አንድ ማሳ ላይ እንደሚወርድ፣ ኮምፒውተሩም መልሱን ሁሉ ባንዴ ይሞክርና ትክክለኛውን ይሰጠናል።"

ደረቴን ነፋሁ።

መምህሩ ወደኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ደቦው ሲያበቃ ማሳውን ቢያዩ የስንት ጥማድ እርሻ ያገኛሉ?"

"የሃያውን ነዋ! አርሰህ አታውቅም እንዴ?" ክፍሉ ሳቀ።

"ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሲያዩ የአንዱን ብቻ ነው የሚያገኙት፤ የትኛው እንደሚሆንም ዕጣ ነው። ሁሉን መሞከሩ ብቻውን አይጠቅመንም።"

አሁን ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥሎ መምህሩ የተሳሳቱት መልሶች እንደ ሞገድ እርስ በርስ ሲጠፋፉ የትክክለኛው ዕድል እንዴት እንደሚጎላ ሰሌዳው ላይ በቀመር ጻፈ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ ለእኔ ገባኝ፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ልጆቹ ግን አፍጥጠው ቀሩ።

በማግስቱ ሳፋ ሙሉ ውሃ በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ ለሁለቱ ታማኞቼ ሁለት ጣቶቼን እኩል ነከርኩላቸው። "እዩ፤ የሞገድ ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ያድጋል። ጫፍ ከጎድጓዳው ሲገናኝ ግን ውሃው ጸጥ ይላል። የተሳሳተው መልስ የሚጠፋው እንዲህ ነው።" አንደኛው ሮጦ ሌሎቹን ጠራቸው።

"ጋሼ፣ ደቦውስ?" አለችኝ ያቺ ኮብላይ እየሳቀች።

"ደቦው ተበትኗል!"

ቀና ስል መምህሩ ከኋላቸው ቆሟል። "ጋሼ፣ ለዛሬው ክፍል ሳፋውን ቢያውሱኝ?"

እምቢ ማለት አማረኝ። ኋላ ግን ሳፋውን በእጁ ሳልሰጠው፣ እንደሞላ ራሴ ተሸክሜ፣ በዋናው መንገድ ከፊቱ ከፊቱ ሄድኩ። ግማሹ ውሃ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ፤ ሳፋው የማን እንደሆነ ያላየ ባጃጅ ነጂ ግን አልነበረም።