ያለ ክር የዞረች መኪና

የዘንገና ሐይቅን አካባቢ ሰው ግማሹን ያለበሰችው እህተማርያም ናት ብል አላጋነንኩም። የቀረው ግማሽ ደግሞ ሲያማት ይውል ነበር። «ሴት ልጅ የስፌት መኪና ትዘውራለች እንዴ? እንደ እኩዮቿ ጥጧን አትፈትልም?» ይላል። ማታ ግን ያው ሐሜተኛ የተቀደደ ሱሪውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። አይ ሰው!

መኪናዋ የባሏ የአበረ ነበረች። ዳንግላ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተምሮ ሲመለስ፣ በእጅ የምትዞረውን ሲንጀር ፈረስ ላይ ጭኖ አመጣት። ሦስት ዓመት ሰፋባትና በትኩሳት ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ «ትሸጥ» ሲል፣ እህተማርያም ሄዳ የመኪናዋ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። «መጀመሪያ እኔን ሽጡኝ!» አለች። አበረ ሲሰፋ እሷ አጠገቡ እየፈተለች እጁን ታይ ኖሯል፤ በወሩ የመጀመሪያውን ቀሚስ ሰፍታ አወጣች።

ከዚያ ወዲያ ፍቅር ያዛት፤ ሌላ ስም የለውም። በጥቁሩ ብረት ላይ ያለውን የወርቅ ቀለም አበባ በየማለዳው በለስላሳ ጨርቅ ትወለውለዋለች። የኑግ ዘይት ያደርቃታል ብላ የመኪና ዘይት ከዳንግላ ታስመጣለች። መዘውሩን ስታዞረው፣ መርፌው ወጣ ገባ ሲል፣ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው የሐዘን ድንጋይ ይነሳላታል። «በዚህ ዓለም እኔ ባልኩት መንገድ የሄደልኝ ስፌት ብቻ ነው» ትል ነበር።

እንግዲህ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሃያ አራት፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። በዚያ አገር በበዓል ቀን ሞፈር አይነካም፣ እንዝርት አይሾርም። አንድ ሰው በዓል ከሻረ በረዶው የሚወርደው በሁሉም ማሳ ላይ ነው፤ ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። እህተማርያም ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች። ቤቱ ጭር ብሏል። መኪናዋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታያታለች።

«ክር ከሌለ ሥራ የለም» አለች ለራሷ። ክሩን አወጣች፣ ጨርቁን ሁሉ አነሳች፣ ባዶዋን አዞረቻት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ቢሆን ነው። ድምፁን ሰምታ ብቻዋን ሳቀች።

በእጅ መርፌ የሚሰፋ ሰው ተደብቆ ይኮነናል፤ መኪና ግን አጥር ማዶ ይሰማል። ጎረቤቷ አድማሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በቀርከሃው አጥር ሥር አለፈ፤ ሰማ፤ መንገዱን ቀጠለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ከሐይቁ በላይ ጠቆረና በረዶውን ለቀቀው። የሰባት ልጆች አባት የሆነው አድማሴ ያሸተ ገብሱ ጭቃ ላይ ተኝቶ አገኘው። ሰው እያየው አለቀሰ።

አድማሴ ከአጥሩ ሥር የሰማውን ለሰው አወራ፤ ለእሁድ ሸንጎ ተጠራ። በዚያ ሳምንት እህተማርያም እህል አልበላ አላት። «እውን እኔ እሆን እንዴ?» እያለች ሰማዩን ስታይ ትውላለች። ቅዳሜ የአበረ ታላቅ ወንድም ውቤ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ሲመለስ ጎራ አለ። እውነቱን ነገረችው።

«ባዶዋን ነው ያዞርኳት፣ ጋሼ። እግዜር ያውቃል፣ ክር አልነበረባትም።»

«ባዶዋን? ለምን ብለሽ?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

ውቤ አማተበ። «በስመ አብ በይ! ይህን እንዳትደግሚው። በበዓል ቀን ቤቷ ተቀምጣ ባዶ ብረት የምታሽከረክር ሴት ምን ትባላለች? ድግምተኛ! በረዶውን ጠራችው ይሉሻል። መኪናዋን በድንጋይ ይሰባብሯታል፣ አንቺንም ካገር ያስወጡሻል። ቸግሮኝ ሰፋሁ በይ። ለቸገረው ሰው አገር ያዝናል፤ በግ ትቀጪና ታርፊያለሽ።»

«ያልሠራሁትን?»

«መኪናሽን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች። ወየው፣ እንዴት አትፈልግ!

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ። አድማሴ ተነሥቶ በአገውኛ ጀመረ፤ ምሬቱ ሲብስበት ወደ አማርኛ ዞረ። «ልጆቼን ምን ላብላቸው? እሷ ትመልስልኝ!» አለ። እህተማርያም ተነሥታ ቆመች።

«ሰፍቻለሁ። የምለብሰው ቸግሮኝ የራሴን ቀሚስ ነው የሰፋሁት። ማሩኝ» አለች።

ሸንጎው ተነፈሰ። እንዲያውም ሴቶቹ ከንፈር መጠጡላት። ቄስ አስማረ አንድ በግ ፈረዱባትና «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ከእንግዲህ በሥራ ቀን ስፊ» አሉ። መኪናዋ ተረፈች! እህተማርያም በደስታ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

አድማሴ ግን አልተቀመጠም። «ቀሚሱስ?» አለ።

«የቱ ቀሚስ?»

«የሰፋሽው ነዋ! በረዶ ያመጣ ልብስ ለብሰሽ በመሃላችን ልትሄጂ ነው? ይቃጠል!»

«ይቃጠል!» አለ ሰው ሁሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ውቤ አብሯት ወደ ቤት ሄደ። ቤቱን የሞላው ለእንቁጣጣሽ የተሰፋ የሰው ልብስ ነው፤ ባለቤቶቹ እዚያው ሸንጎ ላይ ቆመዋል፣ ምኑን ታንሳ? የገዛ ቀሚሷ ደግሞ የለበሰችው አሮጌ ብቻ ነው። ከልብስ ሳጥኗ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አበረ መኪናዋን ባመጣ ሰሞን መጀመሪያ የሰፋው የእሷ ቀሚስ ነው። ለልጃችን ክርስትና እለብሰዋለሁ ብላ ሰው ሳያየው አስቀመጠችው፤ ልጁም ሳይመጣ አበረ ሄደ።

ውቤ የወንድሙን የእጅ ሥራ ለየው። «ሌላ ፈልጊ» አለ ፊቱን አዙሮ።

«ሌላ የለም፣ ጋሼ።»

ወደ ሸንጎው ሲመለሱ ቄስ አስማረ ቀሚሱን ዘርግተው ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት። «እንዴት ያለ እጅ ነው! ምነው ልጄ፣ ይህን የመሰለ ሥራ በበዓል ቀን?» አሉ። እሳቱ ነዶ ነበር፤ በገዛ እጇ እንድትጥለው ነገሯት። ጣለችው። ጨርቁ ቶሎ ተበላ፤ ድርብ የተሰፋው ጠርዙ ግን ጥቂት ቆየ፣ እህተማርያምም እስኪያልቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። አበረን ሁለተኛ ቀበርኩት አለች በሆዷ። አፍ አውጥታ ማልቀስ እንኳ አትችልም።

አድማሴ ፊቱ ተፈታ። መጥቶ ትከሻዋን ያዘና «ይኸው ይቅር ብዬሻለሁ» አላት፤ ከልቡ ነበር። ሰው ሁሉ ያያታል። እህተማርያም ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።