የአላምረው ተራ

አያ ዘይኑዲንን ፊት ለፊት ማመስገን አይቻልም። ሞክሬዋለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስላቸው ፊታቸውን አዙረው ስለ ቦይ ጠረጋ ማውራት ይጀምራሉ፤ ብደግመው ደግሞ ይቆጡኛል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ላመስግናቸው። እዚህ ሊያቋርጡኝ አይችሉም።

አያ ዘይኑ የውሃ አባታችን ናቸው። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከስልሳ በላይ ሰዎች ማሽላ የምንዘራበት ሜዳ አለን። ሜዳው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ደረቁ ወንዛችን ከሰዓት በኋላ በድንገት በጎርፍ ይሞላል። ያንን ጎርፍ መልካ በምንለው የቦይ አፍ ላይ፣ በእሾህና በድንጋይ ጠልፈን ወደ ቦይ እናስገባዋለን። አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ማን እንደሚያጠጣ የሚወስነው የውሃ አባት ነው። ተራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ባለፈው ጎርፍ ያልደረሰው በሚቀጥለው ይጀምራል። የቦይ ጠረጋ ድርሻውን ያልሠራ ተራ የለውም። ሕጋችን ይኸው ነው፤ የትም አልተጻፈም።

ለሥራው የተመረጡት የገዛ ወንድማቸውን ቦይ በመድፈናቸው ነው። ታናሽ ወንድማቸው ኡበይድ አንድ ጊዜ ያለ ተራው ውሃ ከፈተ። አያ ዘይኑ ያኔ እንደማንኛችንም ገበሬ ነበሩ፤ አካፋቸውን ይዘው ሄዱና ደፈኑበት። እናታቸው አንድ ወር ሙሉ አላናገሯቸውም ይባላል። መንደሩ ግን በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ «በል፣ አንተ ያዘው» አላቸው። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ በአንድ እጃቸው አካፋ፣ በሌላው ስልክ። ስልኩ ደጋ ያለ ወዳጃቸው «ዘነበ» ብሎ የሚደውልበት ነው።

ጦርነቱ ለሁለተኛ ጊዜ ቆቦ ሲደርስ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። እኔ ልጆቼን ይዤ ጥቂት በእግር፣ ጥቂት በመኪና ደሴ ገባሁ። ማሽላዬን ጉልበቴ ድረስ ሆኖ ነው የተውኩት። ወንድሜ ደምሴ አልሸሸም፤ ተዋግቶ ሞተ። መርዶውን የሰማሁት ተፈናቃይ በተጠለለበት ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ሰላም ወረደ ሲባል ተመለስኩ። ቤቴ በር አልነበረውም፤ ድስት የለ፣ አህያ የለ። ማሳዬ ስደርስ ግን ማሽላው ከቁመቴ በላይ ሆኖ፣ ራሱ ከብዶት አጎንብሶ ጠበቀኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ካላጠጣው እንደዚያ አይሆንም፤ ግን ማን? የማሳ ጎረቤቴ ካሳው አልሸሸም ነበርና እሱ ነው አልኩ። ከአክስቴ አንድ አውራ ዶሮ ለምኜ ወሰድኩለት። ካሳው ዶሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ኧረ ምን በወጣሽ» አለና ተቀበለኝ። ያ ማሽላ ዓመቱን ሙሉ ልጆቼን አበላልኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ዘገየ። ነሐሴ ገብቶ እንኳ ጎርፍ የመጣው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላው የማሳ ጎረቤቴ አላምረው ጋ ሳይደርስ አለቀ። ከአላምረው ቀጥሎ ያለው የእኔ ነው። ማሽላዬ ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል፤ ሌላ ጎርፍ ካላገኘ ልጆቼን የማበላው የለኝም።

የአላምረው ልጅ በጦርነቱ ከወዲያኛው ወገን ተሰልፎ ነበር። ሰውየው ራሱ በዚያው ክረምት ዘሩን ዘርቶ ገና አረም ሳይጀምር፣ አንድ ምሽት ቤቱ ላይ ድንጋይ ተወረወረበት። በማግስቱ ቤተሰቡን ይዞ በዋጃ በኩል ሄደ። ማን እንደወረወረው አላውቅም። እንዳላዘንኩለት ግን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት አያ ዘይኑ ስልካቸውን ከጆሯቸው አውርደው «ወረደ!» ብለው ጮኹ። ሁላችንም አካፋ አካፋችንን ይዘን ሮጥን። ጎርፉ ቅርንጫፍና ጭቃ እየገፋ ቦዩን ይዞ መጣ። አያ ዘይኑ የአላምረውን መግቢያ ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ። ሄጄ መግቢያው ላይ ቆምኩ።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ተራው ነው፣ የሻረግ። ዞር በይ።»

«የማን ተራ? ሰውየው የታለ? ልጁ የማን ወገን እንደነበር አንቱም ያውቃሉ! የሸሸ ሰው ማሳ ውሃ አይገባውም፤ ለቀረነው ይሁን!»

ሰዉ ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ያየኝ ጀመር። የተስማሙልኝ መሰለኝ።

«ደምሴን እኔም አልቅሸለታለሁ» አሉ አያ ዘይኑ ቀስ ብለው። «በጦርነቱ እውነት ከማን ጋር ነበር ካልሽኝ፣ እኔ የቦይ ሰው ነኝ፤ ሁሉም እውነት ከእኔ ጋር ነው ሲል ነው የሰማሁት። ይችን ግን ወላሂ አውቃታለሁ፤ ሰው በሌለበት ተራውን የሚነጥቅ ሕግ፣ ሕግ አይደለም። ማሳው ደግሞ ጠመንጃ አልያዘም።»

«አንቱ ምን አለብዎት! የእርስዎ ወንድም በሕይወት አለ!»

ይህን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ዛሬም እውጠዋለሁ።  ካሳው መሃላችን ገባ።

«የሻረግ፣ ይብቃሽ። ያምናውን ማሽላሽን ያጠጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«ምን አልክ?»

«ዶሮውን በላሁት፤ ማሽላውን ግን አላጠጣሁም። ያጠጡልሽ አያ ዘይኑ ናቸው። ያኔ መሣሪያ የያዙት ሰዎች እዚሁ ቦይ ላይ መጥተው ‹የሸሸ ሰው ማሳ ውሃ አይገባውም፤ ለቀሩት ይሁን› አሏቸው። አሁን አንቺ ያልሽውን፣ ቃል በቃል። እሳቸው ‹የሻረግ ተራ ነው› ብለው ከፈቱ። ያ የተጎዳው ትከሻቸው ለዚያ በሰደፍ የመቷቸው ነው።»

ትከሻቸው! እኛን ከአህያ ወደቅሁ ነበር ያሉን። ገበያው ሁሉ በዚያች አህያ ሲስቅ ከርሟል። እኔም ስቄያለሁ።

«አንተ ወሬኛ!» ብለው አያ ዘይኑ ካሳው ላይ ጮኹበት። ተጋልጦ እንደተያዘ ሰው ነበር የሆኑት፤ ምስጋና ሊመጣባቸው ነዋ። እኔ ግን የማመሰግንበት አፍ አልነበረኝም። አፍሬ ነበር። ከመግቢያው ወረድኩና አካፋውን ከእጃቸው ወስጄ ራሴ ከፈትኩት።

«አብሽሪ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለአንቺም ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።»

የአላምረው ማሳ ጠግቦ ጠጣ። ከዚያ ውሃው ወደ እኔ ዞሮ፣ ግማሹን እንዳረሰረሰ ጎደለ። ሌላው ግማሽ አሥራ አንድ ቀን ጠበቀ፤ ከፊሉ ደረቀብኝ። ውሸት አልጽፍም፤ ያ ዓመት ጠባብ ነበር። ቢሆንም አለፈ፤ ልጆቼም አሉ።

ደምሴ ለምን እንደሞተ ብዙ ሰው አስረድቶኛል፤ እስካሁን አልገባኝም። ያምናው ማሽላዬ ለምን እንደተረፈ ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል። አንድ ሽማግሌ፣ እኔ አይቼ የማላመሰግንበት ቦታ ላይ፣ «የሻረግ ተራ ነው» አሉ። በዚያ ክረምት የቦይ ጠረጋ ድርሻዬን የሠራልኝ ማን እንደሆነም አሁን አልጠይቅም። የአላምረውን ድርሻ እኔ ጠረግኩ። አያ ዘይኑ መጥተው አዩኝ፤ ጥልቀቱ አልበቃም ብለው እንደገና አስቆፈሩኝ።

በኅዳር አላምረው በዋጃ ሚኒባስ ብቻውን መጣ። ከስቷል። የመጣው የቀረ ነገር ካለ ሊያይ እንጂ ሊያጭድ አልነበረም፤ ማጭድ እንኳ አልያዘም። ማሳው ዳር ቆሞ ማሽላውን ሲያይ ቆየ። ዞር ሲል እኔን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የደምሴ እህት መሆኔን ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ የልጁን መልክ በአባቱ ፊት ላይ ነበር የማየው። ከሩቅ አያ ዘይኑ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀና ስል ፊታቸውን አዞሩ።

«ማን አጠጣልኝ?» አለኝ አላምረው። «ካሳው ነው?»

ሳቄ ሳላስበው አመለጠኝ። ከመርዶው ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

«ማንም አይደለም» አልኩትና ማጭዴን ሰጠሁት። «ተራህ ነበር።»