የአያቴ አቡጀዲ

አባቴ የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ለሥራ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የታሸገ የወረቀት ናፕኪን ይዞልን ይመጣል። እናቴ "ቢሮውን የሞላው ወረቀት አልበቃ ብሎት ቤቱንም ሊሞላው ነው" እያለች ትቀልድበት ነበር። እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ ወጥ ሲነካው ጣት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱን ለማስለቀቅ ደግሞ እንደገና መታጠብ ነው። ያም ሆኖ ከደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ አፉን በወረቀት የሚጠርግ የእኛ ቤት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር እኮራበት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ የባልትና መምህርታችን ወረቀት ብክነት ነው፣ ደህና ቤት በጨርቅ ነው የሚጠቀመው አሉን። ከየቤታችን ነጭ ጨርቅ ፈልገን ስድስት ስድስት ናፕኪን ቆርጠን እንድንዘመዝም አዘዙን። እኔም እናቴ ገበያ በሄደችበት፣ አብረውን በሚኖሩት በአያቴ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ አዲስ አቡጀዲ አገኘሁ። ማንም ሲለብሰው አይቼ አላውቅም፤ የሚፈልገው ሰው ያለም አልመሰለኝ። በማስመሪያ ለክቼ ከመሐሉ ስድስት ቁራጭ አወጣሁ።

እሑድ ምሳ ላይ በየሰዉ ፊት አጣጥፌ አስቀመጥኩ። እናቴ የሷን አንስታ በጣቶቿ ዳበሰችው።

"ይኼን ከየት አመጣሽው?"

ነገርኳት።

"ወይኔ ጉዴ! የአባባን መገነዣ!" ብላ ደረቷን መታች።

የሞተ ሰው በመገነዣ ተጠቅልሎ እንደሚቀበር አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ሰው በቁሙ ገዝቶ እንደሚያስቀምጠው ነው። አያቴ ከአገራቸው ከሮብ ገበያ ጠቅልለው ወደ እኛ ሲመጡ ይዘውት የመጡት፣ ገዳም ወስደው በጠበል ያስነከሩት የመጨረሻ ልብሳቸው ኖሯል። እኔ ጠርዙን በቀይ ክር አሳምሬዋለሁ!

አባቴ ስለ እኔ ይቅርታ ሊጠይቅ ብድግ አለ። አያቴ ግን ናፕኪኑን አገላብጠው አዩና "ስፌቱ ደህና ነው" አሉ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መብላት ጀመሩ።

ግራ ገባኝ። እናቴ ምሳውን ሳትቀምስ ተነሣች። አባቴ ጣቱ ወጥ ነክቶት፣ ጨርቁን መንካት ፈርቶ፣ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። እኔ ልብላ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም።

በማግስቱ አባቴ ሌላ አቡጀዲ ገዝቶ መጣ። አያቴ መርቀው ተቀበሉት። ሲነጋ ግን ጠርተውኝ "እንግዳ ሲመጣ ስድስት አይበቃም፤ ከዚህ ጨምሪበት" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ይሄኔ ጭራሽ ዞረብኝ። በነገር እየወጉኝ ይሆን? ወይስ እርጅናው ነው? እናቴ ስታይ ጨርቁን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። "ኧረ እባክዎ አባባ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለቻቸው።

ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነን ቆየን። አያቴ በየምሳው ናፕኪናቸውን ይጠይቃሉ፤ እናቴ ፊቷን አዙራ ታቀብላቸዋለች። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንበላ መቻል አቃተኝ።

"አባባ፣ ተቀይመውኛል?"

"በምኑ?"

"መገነዣዎን ቆራርጬብዎት..."

አፋቸውን ጠረጉና ጨርቁን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ሣጥኑ ያለው አልጋዬ አጠገብ ነው" አሉ። "ሲነጋ ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ፈራሁ ልጄ። ሰባት ዓመት ሙሉ እየፈራሁ ኖርኩ። በዚህ ዕድሜ ይኼ ለማን ይነገራል?"

አያቴ ዳዊት ሳይደግሙ የማይውሉ፣ ስለ ሞታቸው እንደ ገበያ መንገድ የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ሞትን የሚፈራ ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አሉኝ። ምዬ ቃል ገባሁላቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ አዲሱን አቡጀዲ ጠበል አስነክራ አመጣችው። ደስ ብሏታል፤ ጥፋቴን ያረመችልኝ መስሏታል። አጣጥፋ፣ በእጇ አስተካክላ፣ በእሳቸው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችውና ሣጥኑን ከአልጋው አጠገብ ገፋ አድርጋ አቆመችው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እንዳልነግራት ምያለሁ።