የስም ካፒቴኑ ኦኮ

የኛ የወደብ ከተማ፣ የኤምደኑ ኦኮ ቲያርክስ ባሕር ላይ ፀጉሩ ሸበተ እንጂ አንድም ቀን ሰው አዝዞ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው በሆላንዳዊው ካፒቴን ኼርት መርከብ ላይ፣ ሲያዙት እሺ እያለ ነው። እንግሊዝ በሆላንድ ላይ ጦር ስታውጅ ግን ይህ ትሑት ሰው ባንዴ፣ በስም ብቻ፣ የኼርት መርከብ ባለቤት ሆነ። ንጉሣችን በጦርነቱ ስላልገቡ የሳቸውን ባንዲራ የሰቀለ መርከብ አይነካም። ኦኮም በከተማው ሹማምንት ፊት ቀርቦ፣ «መርከቧ የኔ ናት፤ ካፒቴኗም እኔ ነኝ» ብሎ ማለ። ያን ሰሞን ኤምደን ውስጥ እንዲህ ብሎ ያልማለ መርከበኛ ማግኘት ጭንቅ ነበር። እግዚአብሔርም ገለልተኛ የሆነ መስሎን ይሆናል።

ሚስቱን ፌናን ነገሩ አልጣማትም። «አንተ ሰውዬ፣ በውሸትህ አንተው ተጠበስ! ልጄን ምን አድርግ ብለህ ትማግደዋለህ?»

ልጃቸው ዊያርድ በዚያው መርከብ ተቀጥሯል። እንግሊዞች የጠላት መርከብ ከያዙ ጎረምሶቹን መርጠው ለጦር መርከባቸው ይወስዳሉ፤ ከተወሰዱት የተመለሰ አላየንም።

«ካፒቴኑ እኮ እኔ ነኝ፤ ምን አስፈራሽ?» አላት። ፌና አልሳቀችም።

ከቦርዶ የወይን ጠጅ ጭነው ሲመለሱ፣ አንድ ቀን ነፋሱ ጸጥ አለና ጉም ዋጣቸው። ጆሯቸውን አቁመው ሳለ ከጉሙ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ መጣ። አንዲት ጀልባ አጠገባቸው እስክትደርስ ማንም አላያትም። የጠላት መርከብ አሳድዶ እንዲይዝ ከእንግሊዝ ንጉሥ ፈቃድ የተሰጠው፣ ፈገግታ የማይለየው እንግሊዛዊ ሹም ከነታጣቂዎቹ መርከቧ ላይ ወጣ።

ኦኮ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይንተባተብ መለሰ። ኼርት እንደ ተራ መርከበኛ አጎንብሶ ገመድ ይጠቀልላል።

«ሁሉም ደህና ነው፤ እርስዎም ደህና ሰው ነዎት ካፒቴን» አለ ሹሙ በተሰባበረ የሆላንዶች ቋንቋ። ዊያርድ አባቱን ጠቀሰው። ኦኮ ትንፋሹ መለስ አለለት።

በዚህ መሀል ወጥ ቤቱ የአተር ሾርባውን በድስቱ አምጥቶ መሀል አስቀመጠ።

«ብሉ እንጂ! በኔ የተነሣ እንዳይቀዘቅዝባችሁ» አለ ሹሙ፣ በርሜል ላይ ተደላድሎ እየተቀመጠ።

ሁሉም ማንኪያቸውን ይዘው ድስቱን ከበቡ። በኛ መርከቦች ካፒቴኑ ሳይጨልፍ ማንም አይጨልፍም፤ ከልጅነት የገባ ነገር ነው። ሰዎቹ ጠበቁ። ከሁሉ የባሰው ግን፣ ኦኮም ማንኪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ኼርት እንዳይታወቅበት ፈርቶ አልጨልፍ አለ። ሹሙ ፈገግ ብሎ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል።

«አባዬ፣ ብላ እንጂ» አለ ዊያርድ በሹክሹክታ።

ኦኮ ልጁ ስድ የሆነበት መሰለው። «አንተ ባለጌ! ካፒቴኑ መቼ ጀመረና ነው?» ብሎ ተቆጣው።

የሚሞኝ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ሹሙ ከበርሜሉ ተነሣ። ዊያርድን ትከሻውን ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ ለታጣቂዎቹ ምልክት ሰጠ።

ኦኮ ሹሙ እግር ላይ ወደቀ። «እኔን ይውሰዱኝ ጌታዬ!»

«አንተማ አርጅተሃል» አለው።

ዊያርድ ወደ ጀልባዋ ሲወርድ ዞር አለ። «አባዬ፣ እናቴን ‹አፍ ያመለጠው ራሱ ዊያርድ ነው› በላት። እንዳትጣሉ።»

መርከቧን እንግሊዞች ወረሷት። ኦኮ ባዶ እጁን ቤቱ ገባና ለፌና ልጁ እንዳለው ነገራት። እሷም እስክትሞት ድረስ፣ «ምላሱን መያዝ ያቃተው ልጄ!» እያለች አለቀሰች፤ እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር።