ሃያ ገብቶብኝ የተሸከሙኝ ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ሐያትን ከግቡ ምሰሶ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ሐያት እዚህ ድሬዳዋ የማሠለጥነው የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን በረኛ ናት፤ ለብሔራዊ ቡድን መመረጧን የሰማነው በዚያው ሰሞን ነበር። በደስታ መዝለል ሲገባት ጉልበቷን አቅፋ መሬት ትጭራለች። ምን ሆንሽ ስላት ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሰፈር ልጆች የብሔራዊ ቡድናችንን ዓለም አቀፍ ውጤት ከኢንተርኔት አውጥተው ልከውላት ኖሯል። ጥቂት መስመር ነው፤ እሱም ሽንፈት፣ ሽንፈት፣ እንደገና ሽንፈት።

«ኮች፣ የምሄደው ጎል ሲገባብኝ ለመዋል ነው?» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት። የእኔን ዓርብ እየፈለግሁ ነበር። የለም። አለመኖሩ አልገረመኝም፤ ጎረቤት አገሮች ተጠራርተው ያደረጉት ትንሽ ውድድር ስለነበር ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ከፋኝ። ስለዚህ ይኸው ራሴ ልጻፈው።

አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም የሚልበት ዘመን ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ባቡሩ ግን አንድ ቀን ሄዶ ሳምንት የሚቆምበት ጊዜ ላይ ደርሶ ነበርና ቤታችንን የያዘችው ታላቅ እህቴ ዘነበች ናት። ጅቡቲ ውስጥ ፕላቶ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ እያደረች ትሠራለች። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። ከሄደች ወዲህ ዓይኗን አላየሁትም ነበር። እንግዲህ ውድድሩ ጅቡቲ ነው ሲባል ምን እንደተሰማኝ አስቡት።

በጠረፍ ከተማዋ በደወሌ በኩል ወረድን። ሰኔ ነው። በዚያ ወር እዚያ ከተማ ውድድር ይደረግ ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድሬ ተወልጄ ስላደግሁ ሙቀት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ጅቡቲ አላውቅም አሰኘኝ። ነፋሱ ሲነፍስ ይባስ ያቃጥላል፤ ባሕሩ እንኳ ያተኮሰው ይመስላል።

አሠልጣኛችን ጋሽ በዛብህ ጠረፉን እንደተሻገርን የሁላችንንም ፓስፖርት ሰበሰበና በአንዲት የቆዳ ቦርሳ ከቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠላት። ልጆቹ በዚያው ቀልጠው ይቀሩብኛል ብሎ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሲበላም፣ ሲጸልይም፣ ፊሽካ ሲነፋም ቦርሳዋ ከደረቱ አልወረደችም። እኛም ከኋላው «ጡት ጠባች? ተኛች?» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ሥጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ቢያንስ ስለ እኔ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ያረፍንበት የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዳቦ ግዢ ተብላ ተልካ ነው፤ ብብቷ ሥር ረጃጅም የፈረንሳይ ዳቦ ይዛለች። ከስታለች፤ ጠቁራለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ዳቦውን እንደያዘች አቀፈችኝ።

«አስቱዬ፣ አንቺ ልጅ ቁመትሽ!» አለች። ከዚያ ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስሚኝ፤ መቆየት አልችልም። የምትሠሪበት ቤት አግኝቼልሻለሁ። ባለቤቲቱ የእኔ ማዳም ጓደኛ ናት፤ ሰዎቹ ደኅና ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ትገቢያለሽ።»

«ቡድኑስ፣ እትዬ?»

«ዓርብ ተጫወቺና ጨርሺ። ኮንጄዬ፣ ዕረፍቴ፣ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ናት፤ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ፣ እናይሻለን። ከዚያ ዕቃሽን ይዘሽ ከእኔ ጋር።»

«ፓስፖርቴ እኮ ጋሽ በዛብህ አንገት ላይ ነው።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች። አነጋገሯን ስሰማ ለጋሽ በዛብህ አንገት ፈራሁለት።

እምቢ አላልኩም። እምቢ የምልበት ፊት ከየት አባቴ ይመጣል? የበላሁት እሷ የላከችውን፣ የለበስኩት እሷ የላከችውን ነው። ቤት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ደመወዝ እንደሚያስፈልግም አላጣሁትም። ግን ከሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ስቆም ብቻ ነበር ራሴን የምሆነው። ያንን ትቶ መቅረት ማለት ምን እንደሆነ ለእሷ የማስረዳበት ቃል አልነበረኝም። ዓርብ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ክፉኛ ተሸነፍን። የዓርቡ ደግሞ ከባለቤቶቹ ከጅቡቲዎች ጋር ነበር። ቡድናችን ከአገር ወጥቶ አሸንፎ አያውቅም፤ እኛም ይህን ስለምናውቅ በምሳ ሰዓት ሩዙን እንኳ በቅጡ አልበላነውም። እኩለ ቀን ላይ ከእኛው አገር የሚሄደው ጫት ሲደርስ ከተማው ጭር ይላል፤ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ግን ሰው ከየጥላው ወጥቶ ሜዳውን ሞላው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ጎኑ ክፍት ነው። ኳሷ በላብ ትሙለጨለጫለች።

እትዬና ጓደኞቿ የዓርብ ሽቲ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ከፊት መጥተው ተደረደሩ። ከመካከላቸው እጅ ኳስ አይታ የምታውቅ አንዲትም አልነበረችም። እትዬ የምታውቀው የማዳም ባል በቴሌቪዥን የሚያየውን እግር ኳስ ነው። እዚያ በረኛ አንድ ጎል ሲገባበት ሣር ይነጫል፣ ሁለት ሲገባበት እናቱ ትሰደባለች። በእኛ ጨዋታ ግን ጎል እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ከሚወረወርባት ሲሶውን ያዳነች በረኛ ጎበዝ ትባላለች። ይህን አልነገርኳትም። ዳቦ ይዛ እየሮጠች መቼ ልንገራት? እሷ ደግሞ «እህቴ የአገራችን በረኛ ናት» እያለች ሳምንቱን ሙሉ አውርታ ነው ሁሉንም ያመጣቻቸው።

የመጀመሪያው ገባ። እትዬ ብድግ ብላ «አይዞሽ አስቱ!» አለች። ሁለተኛው ገባ፤ «አይዞሽ!» ሦስተኛው ሲገባ ድምጿ ቀነሰ። አንዱን በክርኔ ሳወጣው ሴቶቹ በእልልታ ሜዳውን አናወጡት፤ ሳይውል ሳያድር ሌላ ገባ። የእኛ ልጆች በሌላው በኩል ሲያገቡ እነ እትዬ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፅ ሳያሰሙ ጨብጨብ አድርገው ይተዋሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ብቻ ነው። ወደ እረፍት ስንሄድ ቀና ብዬ ሳይ ጓደኞቿ ከእትዬ ፊት ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለችና ከዚያ በኋላ ምንም አላየችም።

ይህ ነው የሚቆጨኝ፤ ያላየችው እኮ ዋናውን ነው። አንዴ እነሱ፣ አንዴ እኛ እየመራን ቆይተን በመጨረሻዋ ደቂቃ በአንድ ጎል ቀደምን። ሕዝቡ የራሱን ልጆች በፈረንሳይኛ «አሌ! አሌ!» እያለ ሊያበረታ ቆመ። ሹሩባ የተሠራች ፈጣን ልጅ ከግራ ጥግ ዘለለችና አየር ላይ ቆየችብኝ። በየት እንደምትወረውር በእርግጥ አላወቅሁም፤ እግሬን ዘረጋሁ፣ ኳሷ ቅልጥሜን መታችው፣ ወጣች። ሕመሙን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ቢሸጥልኝ እንደገና እገዛዋለሁ። ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ መጥተው ወደቁብኝ፤ ከዚያ ወደ ላይ አንስተው ተሸከሙኝ።

ያኔ ነው እትዬ ሻርፗን የገለጠችው። ያየችው እህቷ በሰው ትከሻ ላይ ተጋድማ ስትወሰድ ነው። ራሴን ስቼ የተሸከሙኝ መሰላት። ሰዉን በክንዷ እየጣሰች መጥታ ቁልቁል ጎትታ አወረደችኝና የአንዱን ሰው የውሃ ጠርሙስ ነጥቃ አናቴ ላይ ደፋችው።

«አየር! አየር ስጧት!» ትላለች። ከዚያ ፊቴን በሻርፗ እየጠረገች በጆሮዬ «አይዞሽ የእኔ እናት፣ እዚህ የሚያውቅሽ የለም፣ ይረሳል» አለችኝ።

«እትዬ፣ አሸንፈናል።»

«ማነው ያሸነፈው?»

«እኛ።»

«ያ ሁሉ ገብቶብሽ?»

«ያ ሁሉ ገብቶብኝ።»

ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ መሐል የጅቡቲዎቹ በረኛ መጥታ አቀፈችኝ፤ እሷም እንደ እኔ ከሃያ በላይ ገብቶባት ነበር። የእሷም ጓደኞች ዳር ቆመው እየጠበቋት ነው። እትዬ ይህንንም አየች።

ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር እትዬና ጓደኞቿ በጋራ የተከራዩአት አንዲት ክፍል ነበረች። ስድስቱን ቀን ተዘግታ ትውልና ዓርብ ትከፈታለች። በሰው ቤት የምታድር ሴት የራሷን በር የምትቆልፍበት ቦታ ትፈልጋለች፤ ቦታው ይህ ነበር። ያን ምሽት ቡድኑን በሙሉ እዚያ ጠሩን፤ ጋሽ በዛብህም ቦርሳውን እንዳቀፈ መጣ። ለሁለት ተሰንጥቆ ጠርዙ እስኪያር የተጠበሰ ዓሣ ከየመኖች ቤት አስመጡልን፤ ቂጣው ሰፌድ ያህላል። ከግድግዳው ሥር ራሔል የምትባል ልጅ ተቀምጣለች፤ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ የምትጠብቅ፣ እነ እትዬ ያስጠጓት የወሎ ልጅ ናት። ሁላችንም እንስቃለን፣ እንዘፍናለን። እትዬ ብቻ ዓሣውን በጣቷ እየቆነጠረች ትተወዋለች። እኔም ሰዓቷ ደርሳለች፣ አሁን ስለ ፓስፖርቱ ልታነሣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሽ በዛብህ፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?» አለች።

«ማልደን ነው» አለ፣ ቦርሳውን ጨበጥ አድርጎ።

«እንግዲያው አስቱን በጊዜ ይዘዋት ይግቡ፤ ትተኛ።»

«ቤቱስ?» አልኳት።

«ቤቱ ራሔል ትገባበታለች። ከጀልባው ይሻላታል።» ከዚያ እጇን ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ እዚህ አንዲት ብርጭቆ ስሰብር ወሩን ሙሉ ስትነሣብኝ ትከርማለች። አንቺ ሃያ ጊዜ ገብቶብሽ ተሸከሙሽ። እንዲህ ያለ ቦታ አግኝተሽ ሳለ ነይ የሰው ሳህን እጠቢ የምልሽ ምን ቆርጦኝ ነው?»

አለቀስኩ፤ ሴቶቹም አለቀሱ። ጋሽ በዛብህ ቦርሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገቱ አወለቀና ፍራሹ ላይ አስቀምጦ ዓሣ ይጨመርልኝ አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጫውቻለሁ፤ አብዛኛውን ተሸንፌያለሁ። የሐያት ስልክ ላይ ካሉት ሽንፈቶች አንዳንዶቹ የእኔ ናቸው፤ አላፍርባቸውም። በስሜ ከአገር ውጭ አንድ ድል አለኝ፤ እኮራበታለሁ። ከእሱ የበለጠ የምኮራው ግን ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባት በተረዳችው እህቴ ነው።

እትዬ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሐያትን ያን ዕለት የዓርቡን ታሪክ በመንገድ እየነገርኳት ቤት ወሰድኳት። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አየችና መለሰችላት።

«ስትሸነፉ ጓደኞችሽ ጥለውሽ ይሄዳሉ?» አለቻት።

«አይ፣ እንጠባበቃለን፤ አብረን ነው የምንወጣው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ሐያት ስልኳን ኪሷ ከተተችና «እርስዎንስ ተሸክሞዎት የሚያውቅ ሰው አለ?» አለቻት።

እትዬ በአገጯ ወደ እኔ አሳየቻት። «እነዚህ እብዶች! ከጅቡቲ ጠቅልዬ የመጣሁ ጊዜ፣ አውቶቡስ ተራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! የቡድን ጓደኞቿን ጠርታ ኖሯል። አውርዱኝ ብል ማን ሰምቶኝ! ሻንጣዬን እዚያው ረስተው እኔን ተሸክመው ሄዱ።»

በሻንጣው ነገር እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች። ግን ቤታችን የሚመጣ ሰው ይህን ሳትነግረው አይወጣም።