የኦቦ ደሬሳ ማሽላ ቢጫ የሆነ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ ወደ አዲስ ዓለም ስሄድ ሚኒባሳችን ጊንጪ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ገበሬ ያጨደውን ማሳ ቃርሚያ እያቃጠለ ነበር። ጭሱ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከእሳቱ መንቀል አቃተኝ። ኦቦ ደሬሳ ትዝ አሉኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩት ከካቺሲ ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ነው። ፀሐዩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይፋጃል። አፈሩ ደግሞ ያሳዝናል፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይበናል፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ሸክላ ይጠጥራል።

መድኃኒቱን የማውቅ መሰለኝ። አገዳውንና ገለባውን ለአፈሩ መመለስ ነው፤ ካርቦን ሲጠራቀምበት ውሃ ይይዛል፣ ነፍስ ይዘራል። ገበሬው ሁሉ ሰምቶኝ ወደ ሥራው ሲሄድ ያመኑኝ ኦቦ ደሬሳ ብቻ ነበሩ። ለበሬዎቻቸው ያስቀመጡትን የማሽላ አገዳ ቆራርጠን፣ ዘር ሊዘራ ሳምንት ሲቀረው ማሳው ውስጥ ቀበርነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ «አፈርም እንደ በሬ ድርቆሽ ይበላል እንዴ?» ብለው ሳቁብን።

ማሽላው በቀለ፤ ጉልበት ሳይደርስ ግን ቢጫ ሆነ። የጎረቤት ማሳ ለምልሞ የእሳቸው ወባ የያዘው ሰው መሰለ። ምክንያቱን ያገኘሁት የኮሌጅ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው። ደረቅ አገዳ ሳይበሰብስ ከተቀበረ የሰብሉን ምግብ ይሻማል። አስቀድመን ማብላላት፣ ወይም ከላይ ማልበስ ብቻ ነበረብን።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ቀደድኩ። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፤ ማሳው ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው፤ እንባዬ ቀደመኝ። «በደንብ ሳላውቅ ነው ያስቀበርኩዎት።»

 ጎንበስ ብለው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ፣ «ይህ መሬት ስንት ዘመን ሲያበላን እኛ ምንም አላቀመስነውም። ተርቦ ነው የተሻማው። አሁን የሚደረገውን ንገሪኝ።»

እበትና የከብት ሽንት በውሃ በጥብጠን በየሥሩ አጠጣን። ግማሹ አገገመ፤ ግማሹ ቀረ። ምርቱ አነሰ፤ ለበሬዎቹም አገዳ ስላልነበረ አብሬያቸው ገደል ለገደል ሣር አጨድኩ። በቀጣዩ ዓመት ብስባሽ አዘጋጅተን ጨመርን፣ አገዳውንም ከላይ አለበስን። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም የብዙዎች ማሽላ ጠወለገ፤ የኦቦ ደሬሳ ማሳ ግን ከሥሩ እርጥበት ነበረውና አፈራ። አዴ ጫልቱ እሸቱን ጠብሰው በእጃቸው እያጎረሱኝ፣ «ብዪ፣ አፈሩ ያስተረፈልሽን» አሉኝ።

ዛሬ አምቦ ውስጥ ወጣት ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ። ያን ቀን ኦቦ ደሬሳ ቢያባርሩኝ ይገባቸው ነበር፤ እኔም ሙያውን ጥዬ እሄድ ነበር። የአንድ ዓመት እህላቸውን አበላሽቼባቸው፣ መልሰው ምን እናድርግ ብለው የጠየቁት እኔኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬ ፊት ቆሜ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት አሳፍሮኝ አያውቅም።